ዳርላ «ወጥቷል» ያለች ቀን

ይህ የሆነ ነገር ነው።

«እውነተኛ ታሪክ» ብለው ጀምረው መጨረሻ ላይ «ለካ ሕልም ነበር» የሚሉትን አውቃቸዋለሁ። እኔም እዚህ ቻናል ላይ አንብቤ ተናድጃለሁ። ይሄ ሕልም አይደለም። ሌሊትም አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ ጁላይ ላይ፣ ፀሐዩ በጣራው መስታወት ገብቶ የፋብሪካውን ወለል አሙቆታል።

ቦታው ሮክፎርድ፣ ኢሊኖይ። ከወንዙ ዳር ካሉት የብረት ፋብሪካዎች አንዱ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ባለቤቱ ጠበቃ ይወዳል።

ሮልፍ እባላለሁ። ሥራዬ በኮምፒውተር የሚታዘዙ የብረት መቁረጫ ማሽኖችን ኤሌክትሪክ መጠገን ነው። በመናፍስት አላምንም። የማምነው ሽቦ ነው። ሽቦ ወይ ኃይል አለው ወይ የለውም፣ መሃል ቤት የለም።

እንዲያ ነበር የማስበው...

መጀመሪያ ማሽኑን ልንገራችሁ። ትልቅ ነው። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ውስጡ ይገባል። ከላይ መቁረጫውን የያዘ ጭንቅላት ተንጠልጥሏል፤ ክብደቱ ከአንድ ፒክአፕ አያንስም። ጭንቅላቱ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። እያንዳንዱን መንገድ አክሲስ እንለዋለን። እኛ የምንፈራው የላይና የታቹን ነው። ሌሎቹ ሲበላሹ ይቆማሉ። እሱ ሲበላሽ ይወርዳል።

አክሲሱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ኮምፒውተሩ በቀጭን ሽቦ አንድ ሲግናል ይልካል። እኛ «ፈቃድ» ነው የምንለው። ፈቃድ ሲሄድ ማዘዣ ቁልፎቹ ባሉበት ፓነል ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ ፍሬኑ ይለቃል፣ ያ ሁሉ ክብደት በሞተሩ እጅ ይገባል። ፈቃድ ከሌለ ፍሬኑ ነክሶ ይይዘዋል። ሌላ ምስጢር የለውም።

ለዚህም አንድ ልማድ አለን። ፓነሉ ጋ የቆመው ሰው ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ይጣራል።

«እጅ?»

ማሽኑ ውስጥ ያለው እጁን ያወጣና ይመልሳል።

«ወጥቷል!»

ይህን ቃል ሳይሰማ ቁልፉን የሚነካ ሰው እኛ ከተማ ሥራ አያገኝም።

ከሦስት ዓመት በፊት ሎይድ ሃልበርግ የሚባል መካኒክ እዚያው ማሽን ውስጥ ሞተ። ፓነሉ ጋ የቆመው ከርሚት ነበር። ከርሚት «እጅ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ቁልፉን ተጫነ።

ሎይድ እጁን አላወጣም ነበር። ራሱንም ጭምር።

ከርሚት እስከ ዛሬ ቃሉን አልቀየረም። «ሎይድ ወጥቷል ብሎኛል። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ» ይላል። ማንም አላመነውም። እኔም አላመንኩትም። ደግ ሰው ነበር፣ ግን እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ጆሮው የፈለገውን ይሰማል ብዬ ተውኩት። ከርሚት ሥራውን ለቅቆ አዮዋ እህቱ ጋ ገባ።

ዳርላ ኤክስትሮም ደግሞ የሎይድ የሥራ ጓደኛ ነበረች። ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ ያን ቃል አፏ ላይ ማምጣት ተወች። አብሯት የሚሠራ ሰው የሷን ሕግ ይቀበላል። ከማሽኑ ሙሉ በሙሉ ትወጣለች፣ ፊትህ ትቆማለች፣ ሁለቱንም መዳፏን ዘርግታ ታሳይሃለች። ያኔ ትጫናለህ። እስከዚያ እጅህን ከኋላህ አጣምረህ ትቆማለህ።

«ድምፄን አትመን። እጄን እይ» ትላለች።

ኀዘን ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ያን ቀን ፋብሪካው ለነፃነት በዓል ተዘግቷል። ሰዉ ሁሉ ሐይቅ ዳር ሥጋ እየጠበሰ ነው። እኔና ዳርላ ብቻ ነን የገባነው፤ ምክንያቱም ማሽኑ አንድ አመል አምጥቷል። አረንጓዴው መብራት ማንም ሳይነካው ይበራል ተባለ። ሠራተኞቹ አጠገቡ መቆም አንፈልግም እያሉ አስቸግረዋል።

«የላላ ሽቦ ነው» አለ ባለቤቱ ብሬንት በስልክ። «አጥብቁትና ወደ ቢራችሁ ሂዱ።»

እኔም እንደዚያው ነበር የገመትኩት።

ዳርላ ገና የምሳ ዕቃዬን ስከፍት ፊቷን አጨማደደች።

«ሮልፍ፣ ያን ዓሣ ደግሞ ይዘኸው መጣህ?»

«ሄሪንግ ይባላል። ስም አለው።»

«ስም ያለው ሬሳ ነው። ወዲያ ራቅ በል።»

«አንቺ የምትበይው የቦሎኛ ቋሊማ ከምን እንደተሠራ ብታውቂ ከኔ ዓሣ ጋር ትታረቂ ነበር።»

ሳቀች። ይህን የምጽፈው ያን ቀን ስትስቅ ያየኋት ለመጨረሻ ጊዜ ስለሆነ ነው።

ሥራ ስንጀምር ሁሉን በወጉ አደረግን። ዋናውን ማጥፊያ አወረድንና ሁለታችንም ጓጉንቸራችንን ሰቀልንበት። እያንዳንዱ ጓጉንቸር ላይ የሰቀለው ሰው ፎቶ አለ፣ መክፈቻውም በራሱ ኪስ ነው። ዳርላ ከጭንቅላቱ በታች ወፍራም የኦክ ግንድ አቆመች። ፍሬኑን ፈትሻ ወጣች።

«ፍሬኑ ጤነኛ ነው» አለች። «ነገሩ ያንተ ሠፈር ነው።»

ጓጉንቸሮቹን ፈታን። ግንዱን እዚያው ትተን፣ ቀዩን የአደጋ ማቆሚያ ቁልፍ እንደተጫነ ትተን፣ ኮምፒውተሩን ብቻ አበራሁት። ፈቃድ የለም። መብራቱም አልበራም። ጭንቅላቱ በፍሬን ተይዟል።

ስክሪኑ የእያንዳንዱን አክሲስ ቦታ በቁጥር ያሳያል። ጭንቅላቱ ከቆመ ቁጥሩም ይቆማል።

የላይና የታቹ ቁጥር ግን አልቆመም።

የመጨረሻው አኃዝ ቀስ ብሎ ይጨምራል... ይቆያል... ቀስ ብሎ ይቀንሳል። እንደገና ይጨምራል።

«ይሄን ታያለሽ?» አልኩ።

ዳርላ አጠገቤ መጥታ አየች። የተኛ ሰው ደረት ይመስላል። እኔ አላልኩም፣ እሷም አላለችም፣ ግን ሁለታችንም ያንኑ እንዳሰብን አውቃለሁ።

«የቦታ መለኪያው ባትሪ ደክሞ ይሆናል» አልኩ።

«ይሆናል።»

«ባትሪ ሲደክም ቁጥር ይረበሻል።»

«እሺ አልኩህ እኮ ሮልፍ።»

ባትሪውን ለካሁት። አዲስ ነበር።

ወደ ሽቦው ሄድኩ። የፈቃዱን ሽቦ ከኮምፒውተሩ በኩል ነቀልኩት። ከሞተሩ መቆጣጠሪያ በኩልም ነቀልኩት። አሁን ከምንም ጋር ያልተያያዘ፣ ከሁለቱም ጫፉ የተፈታ ተራ ሽቦ ነው። በእጄ ይዤዋለሁ። ለወጉ ያህል ኃይል የምለካበትን ቴስተሬን አስነካሁት።

ሃያ አራት ቮልት።

ፈቃድ ሲሰጥ የሚኖረው ልክ ያ ነው።

ቴስተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። የዳርላን ቴስተር ተቀብዬ ለካሁ። ያው ነው።

«ከየት ነው የሚመጣው?» አለች ዳርላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ከየትም።»

«ከየትም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ከየትም አይመጣም ማለት ነው። ሁለቱንም ጫፍ ይዤዋለሁ። እዪው።»

አየችው። ከዚያ በፒንሳ ከእጄ ላይ ቆንጥራ ወሰደችውና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው።

«አዲስ ሳብ» አለች።

ፈርቼ ነበር። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ያኔ ነው የፈራሁት። ነገር ግን በቀን፣ በፀሐይ፣ ዓሣ በልቶ የጠገበ ሰው ፍርሃቱን ለማንም አይናገርም። አዲስ ሽቦ ሳብኩ። ለካሁ፤ ባዶ ነው። ስክሪኑን አየሁ፤ ቁጥሩ ቆሟል። መብራቱ ጠፍቷል።

ሁሉም ነገር መልክ ያዘ። ሁለታችንም ሳይታወቀን ረጅም ትንፋሽ ተነፈስን።

«አየሽ? የሽቦ ነገር ነው» አልኩ።

«እንሞክረውና እንሂድ» አለች።

ለሙከራ ጭንቅላቱን ማንቀሳቀስ አለብን፣ ስለዚህ ግንዱን አወጣን። ቀዩን ቁልፍ አዙሬ ፈታሁት። ፓነሉ ካለበት ሆኖ የማሽኑ ውስጥ አይታይም፣ የማሽኑ ምሶሶ ይከልላል። ለዚህ ነው ድሮውንም በድምፅ የምንግባባው።

«ቆይ... ባትሪዬን ውስጥ ረስቼዋለሁ» አለች። የእጅ ባትሪዋን ነው።

እዚህ ላይ ማጥፊያውን አውርደን ጓጉንቸራችንን መልሰን መስቀል ነበረብን። ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን ሕጉ ያ ነው። ሁለታችንም እናውቃለን። ግን አድካሚው ነገር አልፏል፣ መኪናዎቹ ደጅ ናቸው፣ እሷም ክንዷን ሰድዳ ልታወጣው ነው።

«አትንካ» አለችኝ።

«አልነካም።»

እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ቆምኩ። በቀኝ እጄ የግራ አንጓዬን ይዤ ነበር። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፣ ምክንያቱም ቆይቶ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ።

ዳርላ ከምሶሶው ወዲያ ገባች። ጫማዋ ብረቱን ሲረግጥ ሰማሁ። ስትጎነበስ ስታቃስት ሰማሁ።

ከዚያ...

«እጅ?»

የኔ ድምፅ ነው።

አፌ ተዘግቷል። ጥርሴ ገጥሟል። ድምፁ ግን የኔ ነው፣ ከነጎርናናነቱ፣ ቃሉን መጨረሻው ላይ ከምስብበት አሳሳብ ጋር። ከጎኔ፣ ከፓነሉ አካባቢ ነው የመጣው። እዚያ ከኔ በቀር ማንም የለም።

ልጮህ አስቤ ነበር። አልደረስኩም።

«ወጥቷል» አለች ዳርላ።

ሳታስበው ነው ያለችው። ሃያ ዓመት የለመደ አፍ ሲጠየቅ ይመልሳል። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

አረንጓዴው መብራት በራ።

ፍሬኑ ሲለቅ የሚያሰማት አንዲት ድምፅ አለች፣ ቷ የምትል። ሰማኋት። ቀዩን ቁልፍ በቡጢ መታሁት። መብራቱ አልጠፋም። ቁጥሩ እየወረደ ነው። ሮጬ ዋናውን ማጥፊያ ጎትቼ አወረድኩት። ስክሪኑ ጠቆረ፣ የፓነሉ ማራገቢያ ቆመ፣ ፋብሪካው ጭር አለ።

አረንጓዴው መብራት ግን እንደበራ ነው።

ጭንቅላቱም እየወረደ ነው። አልወደቀም። ቢወድቅ ይገባኝ ነበር። ቀስ ብሎ፣ ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው ተረጋግቶ ነው የሚወርደው።

«ዳርላ ውጪ!»

«እጅጌዬ...»

በምሶሶው ዞሬ ስደርስ እስከ ትከሻዋ ውስጥ ነች። እጅጌዋን የሆነ ብሎን ይዞታል። በወገቧ ቀበቶ አንቄ ወደ ኋላ ተጣልኩ። ጨርቁ ሲቀደድ ሰማሁ። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተዘረርን።

ጭንቅላቱ የሚቆረጠው ብረት የሚታሰርበት ጠረጴዛ ላይ ደርሶ ቆመ። የባትሪዋ ብርሃን ከሥሩ ለትንሽ ጊዜ ታየ። ከዚያ ባትሪዋ ተሰበረ።

ክንዷን ያዝኩት። ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ተልጧል፣ ደም አለ፣ ጣቶቿ ግን ሁሉም አሉ። አንድ በአንድ አየኋቸው። አለቀስኩ መሰለኝ።

«ለምን ጠየቅከኝ?» አለች። «አትንካ ብዬህ ለምን ጠየቅከኝ?»

«አልጠየቅኩሽም።»

«ሰምቼሃለሁ።»

«ዳርላ... አፌን አልከፈትኩም።»

«በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ ሮልፍ።»

ይህን ንግግር ከሌላ ሰው አፍ እንደሰማነው ሁለታችንም ትዝ አለን።

«ከርሚት» አለች በሹክሹክታ።

ያኔ ከማሽኑ ውስጥ፣ ከዚያ ከተዘጋው ከጭንቅላቱና ከጠረጴዛው መሃል፣ የዳርላ ድምፅ መጣ። ልክ ቅድም እንዳለችው። ከነመታከቷ።

«ወጥቷል።»

እንደገና።

«ወጥቷል።»

የሚለማመድ ነበር የሚመስለው።

ዕቃችንን እንኳን አልሰበሰብንም። መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ፣ ዳርላ ክንዷን በኔ ሸሚዝ ጠቅልላ አዮዋ ደወለች። ስፒከሩ ላይ አደረገችው።

«ከርሚት፣ ዳርላ ነኝ። አምንሃለሁ።»

ከርሚት የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። የጠየቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መልሰሻል?»

«ምን?»

«ሲጠይቅሽ... መልሰሽለታል?»

«አዎ» አለች።

ከርሚት ስልኩን ዘጋው። ደጋግመን ደወልን። አላነሳም።

ለብሬንት ሁሉን ነገርኩት። ሳቀ፣ ከዚያ የዳርላን ክንድ ሲያይ መሳቁን ተወ። ማሽኑን ይቆራርጠዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን በመከር ወቅት ዊስኮንሲን ላለ አንድ ፋብሪካ ሸጠው። ሊጭኑት ሲመጡ ፓነሉ ላይ በወፍራም ማርከር ጻፍኩበት። «ድምፅ አትመኑ። እጅ እዩ።» ከሥሩ ስልኬን ጻፍኩ። ጫኚዎቹን ይዤ ለመንኳቸው። አንደኛው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እሺ አጎቴ» አለኝ።

ዳርላ ሥራውን ተወች። ክንዷ ዳነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቷ እየሄድኩ ምሳ እንበላለን። ስለዚያ ቀን አናወራም። ከቤቷ ውስጥ ሆና በር ሲንኳኳ ግን አትመልስም። ሄዳ በመስኮት ታያለች፣ ከዚያ ትከፍታለች።

ያለፈው ቅዳሜም እንደዚያው ተቀምጠን ነበር። እኩለ ቀን ነው። የድንች ሰላጣ ሠርታለች። ስልኬ ጠራ፣ የማላውቀው ቁጥር ነው። እጄ ስለተቀባ ጠረጴዛው ላይ አድርጌ በስፒከር ከፈትኩት።

«ሮልፍ ነዎት? ሜርል እባላለሁ፣ ከዊስኮንሲን ነው የምደውለው። እዚህ አንድ ማሽን ላይ ስልክዎን ጽፈው አገኘሁት።»

ዳርላ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«ኧረ ምንም፣ የላላ ሽቦ ነገር ነው። አረንጓዴው መብራት ራሱን ያበራል። አዲስ ስበንለት አሁን ተስተካክሏል፣ ልንሞክረው ነው። ምናልባት ድሮም ይሄ አመል ነበረው ወይ ብዬ ነው።»

«ሜርል፣ ስማኝ። ውስጥ ሰው አለ?»

«ጃኔል አለች፣ መካኒካችን። ዕቃ ረስታ...»

«አስወጣት።»

«አቤት?»

«አሁን አስወጣት። በስሟ አትጥራት፣ ሄደህ ጎትተህ አውጣት። ፓነሉ ጋ ያለውን ሰው...»

ከሜርል በስተጀርባ፣ ራቅ ብሎ፣ የወንድ ድምፅ ተሰማ። ሥራውን የሚሠራ ተራ ሰው ድምፅ ነው።

«እጅ?»

«እንዳትጫኑ!» አልኩ። ወንበሩን ገልብጬ ተነሥቻለሁ። «ሜርል እንዳትጫኑ!»

መልሱ ግን ቀደመኝ። የሴት ድምፅ ነው። ጎርነን ያለ፣ ታከት ያለው፣ ሳያስበው የመለሰ።

«ወጥቷል።»

ያን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መሃል እለየዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ።

ቷ... ስትል ሰማኋት፣ ያቺ ፍሬኑ ሲለቅ የምትለዋ። ሜርል መናገር አቆመ። ስልኩ አልተዘጋም።

ቀና ብዬ ዳርላን አየሁ።

አፏ ተዘግቷል። ከመጀመሪያውም አልከፈተችውም። ሁለት እጇን ከሳህኑ ግራና ቀኝ አውጥታ፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ፣ ድሮ ፓነሉ ጋ ታሳየኝ እንደነበረው ፊቴ ዘርግታቸዋለች። ስልኩ ውስጥ የራሷ ድምፅ ቃሉን እየደጋገመ ነበር።